ከቦታው ያልተነሳ ሻምፓኝ

ይድረስ ለድሮው ወዳጄ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ሆነልህ? ከሆቴሉ ምድር ቤት ጠርሙስ ተሸክመህ ስትወጣ ስትወርድ ያሳብድህ የነበረውን ግራ ጉልበትህን ማለቴ ነው። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ሳሏ ብቻ አልለቀቀችኝም። እሷም አብራኝ ከመክረሟ የተነሳ ቤተሰብ ሆናለች።

የባለቤትህን ማረፍ የነገረኝ ፀጉር ቆራጩ ወንድምህ ነው። ባለፈው ዓመት ከሱቁ በር ላይ ጠርቶ ነው ያረዳኝ። ነፍሷን በገነት ያኑርልህ፤ አንተንም ያጽናህ። በዓይን አላውቃትም። ግን ወንድምህ ስለ አንተ ሲያወራ "ሸሚዙ ሁልጊዜ እንደተተኮሰ ነው" ሲል ሰምቼ፣ ደግ ሴት እንደነበረች ከዚያ ተረድቻለሁ። ዕድሜዬን የሆቴል አንሶላ ስተኩስ ለጨረስኩት ሴት የካውያን ነገር ማንም አይነግረኝም። ያኔውኑ ያልጻፍኩልህ ሐዘንተኛን በነገር አላደክምም ብዬ ነው። አሁን ግን አንተን ሳልጠይቅ የማልቆርጠው ጉዳይ ገጠመኝ።

ስለ ሻምፓኙ ነው።

አትሳቅ። አዎ፣ እስከ ዛሬ አለ። ሆቴሉ ሲዘጋ አሠሪያችን ማዳም ሁለታችንን ጠርታ "የሠርጋችሁ ዕለት ትከፍቱታላችሁ" ብላ የሰጠችን ጠርሙስ። ያኔም አሮጌ ነበር። እንደ አራስ ልጅ አቅፈህ ክፍሌ ድረስ አመጣኸው፤ ከአልጋዬ ስር በጎኑ አስተኛኸውና "እንዳታቆሚው፣ ብርሃን እንዳታሳይው፣ እስክመለስ ከቦታው እንዳታነሺው" አልከኝ። ከዚያ ለአንድ ወቅት ሥራ ብለህ ሄድክ። ወቅቱ ረዘመ። አልወቅስህም፤ ሰው በሄደበት ቤት ይሠራል። እኔ ደግሞ አደራ የምረሳ ሰው አይደለሁም።

ነገሩን የቀሰቀሰችው የእህቴ ልጅ ናት። እናቷ ስታርፍ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፤ ዛሬ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ፀሐይ የሚሞላው ቤት ተከራየችና "አክስቴ፣ ወሩ ሲያልቅ መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ክርክር የለም። አንቺ እኮ ከዚህ ግድግዳ ሻጋታ ጋር ነው የተጋባሽው!" አለችኝ። ምላሷ የእኔው ነው፤ ምን ታደርገዋለህ። ጠርሙሱም በልጅነቷ "አትንኪ" እየተባለች ያደገችበት ስለሆነ፣ ከመሄዳችን በፊት ዋጋው ይጠየቅና ይሸጥ አለች።

በስልኳ ፎቶ አንስታው መጀመሪያ አሮጌ ዕቃ ወደሚነግድ ሰውዬ ሄድን። "ይሄማ ኮምጣጤ ሆኗል፤ ሰላጣ ላይ ካላፈሰሳችሁት" አለና ለማዘን ያህል ትንሽ ገንዘብ ጠራ። ዞር ብለን ልንወጣ ስንል እጥፍ አደረገው። ከመደርደሪያው እስከ በሩ ድረስ ዋጋው እጥፍ የሚሆን ኮምጣጤ አይቼ አላውቅም። የእህቴን ልጅ በክርኔ ጎሸም አድርጌ ይዣት ወጣሁ።

በኋላ ከጨረታ ቤት የአሮጌ መጠጥ ዋጋ የሚገምት ሰው አስመጣች። ሽበታም፣ ረጋ ያለ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ። ጠርሙሱን ላወጣለት ስል "የለም፣ እኔው ወዳለበት እሄዳለሁ" ብሎ ተንበርክኮ ከአልጋዬ ስር ገባ። የእህቴ ልጅ ሳቋን አፍና ወደ መስኮቱ ዞረች። ሰውየው የጠርሙሱን አንገት ቀስ አድርጎ ቀና አደረገና መጠጡ ምን ያህል እንደጎደለ በባትሪ አየ። ጠብታ እንኳ የጎደለ አይመስልም አለ። ቡሹን፣ ሽቦውን፣ ቀለሙን አየ። የተለጠፈበት ወረቀት ግን ጠቁሮ ጥጉ ተልጧል። "እርጥበቱ ፊቱን በልቶታል፤ ውስጡን ያዳነውም እሱው ራሱ ነው" አለኝ። ስለ እኔ የተናገረ መስሎኝ ሻርፔን አስተካከልኩ።

ትክክለኛ ዋጋው እንዴት ይታወቃል ብዬ ጠየቅኩት። የዚያው ዓመት ጠርሙስ በጨረታ ከሚያወጣው ይነሳል፤ ለተላጠው ወረቀት ይቀነሳል፤ ለአኗኗሩ ይጨመራል አለኝ። ስንቱ ባለስም ጠርሙስ ከቤት ቤት ሲንከራተት ቡሹ ደርቆ ይበላሻል አሉ። "ይሄ ስንት ጊዜ ተነስቷል?" አለኝ። አንድም ጊዜ አልኩት። "ቤት ቀይረው አያውቁም?" አላውቅም አልኩት። "ምነው?" ቢለኝ፣ ኪራዩ ርካሽ ነው አልኩት።

ያቺ ልጅ ዝም አትልም! "ርካሽ? በዚህ ኪራይ እኮ ፀሐይ ያለው ቤት ስንቴ አግኝቼልሽ እምቢ ብለሻል!" አለች። ሰውየው እኔን አየ፤ ጠርሙሱን አየ፤ ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። የሠለጠነ ሰው ነው።

የገመተውን እዚህ አልጽፈውም፤ ፖስታ የሚከፍት አይጠፋም። ጥሩ ነው፤ ከዚያ በታች ለማንም እንዳይሰጡ ብሎኛል። ወደ ፎቁ ከወጣ ግን ሙቀቱ አንድ በጋ አያከርመውም። ቢጠጣስ አልኩት፤ ሳቀ። "ያኔማ ከዋጋ ወጣ። አረፋው ይኑር ይሙት ሳይከፈት ማንም አያውቅም። አንዴ ከተከፈተ ለነገ አይተርፍም፤ ለብቻ ደግሞ ይበዛል" አለኝ።

የእህቴ ልጅ ሽጪው ትላለች። ግማሹ የሰው ነው አልኳት። "ሰውየው ካለ ይምጣና ይናገራ!" አለችኝ።

እኔን የከበደኝ ሌላ ነው። መስኮቴ፣ ታስታውሰው እንደሆነ፣ ከመንገዱ በታች ስለሆነ የማየው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ ነው። ግራ እግሩን ሳሳ አድርጎ የሚረግጥ ሰው ሲያልፍ ድስቴ ያርራል። ከአራተኛ ፎቅ ግን የሚታየው አናት ነው። ሰውን በአናቱ እንዴት እለየዋለሁ?

ይሸጥ ካልክ ሁለት መስመር ጻፍልኝ፤ ድርሻህን በወንድምህ እልካለሁ፤ ቅያሜ የለኝም። ካላልክ ደግሞ፣ ከሆቴሉ የተረፉት ሁለቱ ብርጭቆዎች አሉ። የአንዱ ጠርዝ ተሸርፏል፤ እሱን እኔ እይዛለሁ።

እስከ ወሩ መጨረሻ በሩ ያው የምታውቀው ነው። ደረጃው ወደ ታች ስለሚወርድ ባለፈው ዓመት የእጅ መደገፊያ ብረት አስገጥሜበታለሁ። ለጉልበት ጥሩ ነው ይላሉ።

ጤናውን፣ ዕድሜውን፣ ለቤትህም ሙቀቱን ይስጥልኝ። መልስህን አታዘግይ። የምቸኩለው ለራሴ አይደለም፤ ለሻምፓኙ ነው።

አክባሪ ወዳጅህ፣
የጠርሙሱ ሌላኛዋ ባለድርሻ