ነብር ገድሎ ዝም ማለት

ማክሰኞ፣ ሰኔ ፯

ነብሩ ዛሬም መጣ። ጥጃዋን መብላቱ አልበቃ ብሎት ወይፈኑን ጀርባውን ቧጭሮት ሄደ። ውሾቹ ባይደርሱ ኖሮ አልቆልን ነበር። አንዱን በሬ ባንዶች ለጣሊያን ቀለብ ብለው ከነዱብን ወዲህ፣ ከቀረው በሬ ከቦራ ጋር የሚጠመድ ያለን ይኸው አንድ ወይፈን ነው። እሱም ከተበላ ክረምቱን በምን አርሳለሁ? ሚስቴ ይታይሽ አለቀሰች። እኔ አይዞሽ እያልኩ ዓይኔን እጠርጋለሁ፤ ወንድ ተብዬ!

አጎቴ አያ ጥሩነህ ቁስሉን በጨው ውሃ አጥበው ሲያበቁ «ጠመንጃው ይውጣ» አሉ። ጠመንጃ ደብቆ የተገኘ ቤቱ ይቃጠላል፣ ራሱም ይሰቀላል። የደብረ ታቦሩ የጣሊያን ምሽግ ሩቅ ነው፣ ባንዶቹ ግን ከወንዙ ማዶ ናቸው። ጠመንጃችን፣ አሮጌው ውጅግራ፣ ባዶ ቀፎ ውስጥ ተኝቷል። ጥይታችን ሦስት ነው፤ ሁለቱ ዝገዋል።

ረቡዕ፣ ሰኔ ፰

አያ በጉብዝናቸው ሦስት ነብር ጥለዋል። አሁን ግን ዓይናቸው ፈዟል፣ ስለዚህ ተኳሹ እኔ ነኝ። ከቆሎ ተማሪነት ወጥቼ እርፍ የጨበጥኩ ሰው፣ በወንጭፍ ወፍ ከማባረር በቀር ያነጣጠርኩበት የለም።

የአያን ሕግ ልጻፈው፣ አለዚያ እረሳለሁ። ራስ ቅቤ አይቀባም። ነጭ ሽንኩርት አይቀመስም። ልብስ ከበረት ያድራል፣ ከብት ከብት እንዲሸት። ነፋሱ በአመድ ይለካል፤ አመዱ ወደ ነብሩ ከነፈሰ ተነሥቶ ወደ ቤት ነው። መብረቁ ብልጭ ሲል ትንፋሽ ይያዛል፣ ነጎድጓዱ ሲያጓራ ይተኮሳል፤ ድምፁን ሰማይ ይሸፍነዋል። ከዚያ ጥይቱ በገባበት ጦር ይገባበታል፤ በጦር መግደልን የከለከለ የለም።

የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ ገድሎ መፎከር የለም።

«አያ፣ ነብር ገድሎ ያልፎከረ ሰው አለ እንዴ?» ብላቸው «አለ፤ በሕይወት ያለው እሱ ነው» አሉኝ። በሚካኤል አስማሉኝ። እውነቱን ልናገር፣ ፉከራዬን በልቤ ጀምሬው ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ ፱

ይህ ሳል ሊያስገድለኝ ነው። አያ ከቁጥቋጦ ስር አስቀምጠውኝ ከበላይ ሆነው ያዳምጣሉ። ጉንዳን ወጣብኝ፣ ቻልኩት። ከዚያ ሳልኩ። «ሞትክ» አሉ። እንደ አዲስ ተቀመጥኩ፣ ደግሞ ሳልኩ። «ደግሞ ሞትክ።» እስከ ቀትር አምስቴ ሞቻለሁ።

ጥይት የሌለውን ጠመንጃ ሲያስነሡኝና ሲያስወርዱኝ ዋሉ። ትከሻዬ ሲዝል ተናድጄ «እንግዲያው አንቱው ይተኩሱታ!» አልኳቸው። «ዓይንህን ብትሰጠኝ እተኩስ ነበር» አሉ። አፈርኩ። ማታ ይታይሽ ተልባ በማር አጠጣችኝ።

ዓርብ፣ ሰኔ ፲

ይታይሽ ያላትን አንዲት ፍየል ከኮሶው ዛፍ ስር አስረን አደፈጥን። አያ አመዱን በተኑ፤ ወደ ገደሉ፣ ወደ ነብሩ መምጫ ነፈሰ። ወዲያው ተነሡ። «ትንሽ እንጠብቅ እንጂ» ብል ማን ሰምቶኝ! ተመለስን። ወይፈኑ ቁስሉ ደርቋል፣ ይበላል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ ፲፩

ገደልኩት!

ከሰዓት በኋላ ጉና ተራራ ጠቆረ። አመዱ ወደ እኛ ነፈሰ። ፍየሏ መጮህ ድንገት ስታቆም ሣሩ ውስጥ ጀርባውን አየሁት። ሳሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ቆመ፤ እንባዬ እስኪወርድ ዋጥኩት። ብልጭ አለ። ትንፋሼን ያዝኩ። ሲያጓራ ምላጩን ሳብኩ። የእኔና የሰማዩ ድምፅ አልለይ አለኝ። ነብሩ አንድ ጊዜ ዘለለ፣ ወደቀ።

አፌን በጋቢዬ ይዤ ዝም አልኩ። አያ ጦራቸውን ይዘው ሄዱ፣ በጥይቱ ቀዳዳ በኩል ወጉት። ሁሉም እንደታሰበው ሆነ። ጦሩን መዘው ደሙን ሲያዩ ግን ሽማግሌው ሌላ ሰው ሆኑ፤

«ዘራፍ! አካኪ ዘራፍ! የነብሩ ገዳይ በውጅግራው!»

ገደል አስተጋባ። ሮጬ አፋቸውን ያዝኩ። ያስማሉኝ ሰውዬ! ወደ ልባቸው ሲመለሱ ከነብሩ አጠገብ ቁጭ ብለው ራሳቸውን ያዙ።

እሑድ፣ ሰኔ ፲፪

የሰኔ ሚካኤል። ልመናዬ አንድ ነው፤ ማንም አልሰማም በለኝ። ከቅዳሴ ስንወጣ ሰዉ ሁሉ እየሣቀ «እንኳን ቀናችሁ!» ይለናል። ሰምተዋል። አያ እህል አልቀመሱም። ውጅግራውን ወደ ቀፎው መለስኩ፣ ንብ ቢገባበት ብዬ ተመኘሁ።

ሰኞ፣ ሰኔ ፲፫

መጡ። የባንዳ አለቃው ከሁለት ሰዎች ጋር። «ውጅግራውን አምጡ፤ ፉከራውን ማዶ ሆነን ሰምተናል።» አያ አንገታቸውን ደፉ። ይታይሽ ምሰሶውን ያዘች።

አፌ ከየት እንዳመጣው አላውቅም። «ጌታዬ፣ የሽማግሌ ፉከራ ይታመናል? አምና ሰርግ ላይ ዝሆን ገድያለሁ ብለው ፎክረዋል። ጉና ላይ ዝሆን አይተው ያውቃሉ?»

ሰውዬው የአገር ልጅ ነውና ሣቁ አመለጠው። ቢሆንም ቆዳውን አስዘርግቶ ቀዳዳውን በጣቱ ለካ። አያ ጦራቸውን አምጥተው ሰኩበት፤ ልክ ገባ። ጥይቷንማ ቅዳሜ ቆዳውን ሲገፉ ፈልቅቀው አውጥተዋታል። አለቃው ጥቂት አሰበና ቆዳውን ጠቅልሎ ለራሱ ወሰደ። ይውሰደው! በእኛ ቆዳ ፈንታ የነብሩን ይውሰድ።

ተሲያት ላይ ወይፈኑን ከቦራ ጋር ጠመድነው። ሦስት ትልም ሄደ፣ በአራተኛው ተኛብን። ይሁን፣ ይለምዳል።

አሁን አያ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ከቅዳሜ ወዲህ ዛሬ ገና አፋቸውን ፈቱ። «ሕጉን የጠበቅኸው አንተ ነህ፤ ገዳዩም አንተ። በል በሩ ተዘግቷል፣ ቀስ ብለህ ፎክር» አሉ። ተነሣሁ፣ ጋቢዬን አጣፋሁ፣ በሹክሹክታ «ዘራፍ!» ከማለቴ ያ ቅዳሜ የዋጥኩት ሳል መጣ። ስስል፣ ይታይሽ ስትሥቅ፣ አያ ጀርባዬን ሲመቱ ፉከራው ቀረ።