መፍቻዎችህን የሸጥኩበት ምክንያት

ሰዒዴ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ረመዳን አለፈ። አላህ ይዘንልህ፣ ቀብርህን ያስፋልህ። ሴት መቃብር አታዘውትርም ስለሚሉኝ የሆዴን እዚሁ ቤት ቁጭ ብዬ ልጽፍልህ አሰብኩ። አንተና ንባብ እንደማትዋደዱ አውቃለሁ። የመለዋወጫ ካርቶን ላይ ያለችውን ጽሑፍ እንኳን አንቺ አንብቢልኝ እያልክ ከሥራዬ ታስነሳኝ ነበር። ይህንንም ስጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብልሃለሁ፤ ጎረቤት አበደች ካለ ይበል።

ቤቱ እንደተውከው አይደለም። ሙቀቱ ብቻ ያው የሮቢት ሙቀት ነው። መኪና ይሰለፍበት የነበረው ግቢያችን ባዶ ነው። ቲማቲም ልተክልበት ሞክሬ ነበር፤ ስንት ዓመት ዘይት የጠጣ መሬት ምን ያበቅላል፣ ችግኙ በሳምንቱ ቢጫ ሆኖ ቀረ። አሁን በአጥሩ በኩል በር አስከፍቼ ሽንኩርትና ማንጎ እቸረችራለሁ። አንዳንድ ሹፌሮች ዛሬም ያቆሙና ሰዒድ የለም ወይ ይሉኛል። ያልሰማ ብዙ ነው። ስነግራቸው ሳያስፈልጋቸው ሽንኩርት ገዝተው ይሄዳሉ።

ያን ቀን አንድ ቡሎን ላጥብቅ ብለህ ነው መኪናው ሥር የገባኸው። ድንጋይ እንኳን ሳታስደግፍ፣ ክሪኩን ብቻ አምነህ። ክሪኩ ተንሸራተተ። ጀናዛህን ያጠቡት ሰዎች እጅህ ላይ ብዙ ቆዩ አሉ። ለውዱእ ስትል በቀን አምስት ጊዜ በአሸዋና በኦሞ ትፈትገው የነበረው እጅህ፣ ጥፍሩ ውስጥ የቀረው ግሪስ አልለቅ ብሏቸው። ይህን ስሰማ ከለቅሶው ሁሉ የባሰ አለቀስኩ።

የሐዘን ጊዜዬን፣ ዒዳዬን፣ እንደጨረስኩ ልጃችን ከድር የመኪና ጥገና ልማር አለኝ። አንተ እያለህም ይህንኑ ሲያነሳ ትስቅበት ነበር፤ ሞተር በጥቁር ሰሌዳ አይታከምም ትለው ነበር። ወንድምህም ያንተኑ ቃል ይዞ መጣ። ለክፍያው፣ ለቤት ኪራዩ፣ ለቀለቡ ደብረ ብርሃን ድረስ ገንዘብ ከምትበትኚ፣ እዚሁ ጋሽ ይማም ጋራዥ ገብቶ በነፃ ይልመድ፤ ተምሮ ቢወጣም ያወጣሽውን መልሶ አያገኘውም አለኝ። እውነቱን ነው። ስደምርም ስቀንስም አላዋጣኝም። የቀወቱን ማሳ ለእኩል አራሽ ሰጥተን ያገኘነው ማሽላ ለእኛም አልበቃም። የሚሸጥ የቀረኝ የመፍቻ ሳጥንህ ብቻ ነበር። ልጅን መኪና ጥገና ለማስተማር መፍቻ መሸጥ፣ አስበው እስቲ።

ሳልወስን እስቲ ልየው ብዬ ከከድር ጋር ደብረ ብርሃን ሄድኩ። አስተማሪው ልጆቹን አንድ መኪና ዙሪያ ሰብስቧቸው ነበር። ስለ ሞተር አልነበረም የሚነግራቸው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ፣ ካቫሌቶ የሚሉት የብረት ማቆሚያ ሳያስደግፍ እጁን እንኳን የሰደደ ልጅ እንደሚባረር ነበር የሚነግራቸው። የመጀመሪያው ትምህርታቸው ይህ ነው አሉኝ። ሰዒዴ፣ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። ላንተ ይህችን የነገረህ ሰው አልነበረም። ሂሳቡን እዚያው ተውኩት። ተመልሼ ሳጥንህን ለጋሽ ይማም ሸጥኩለት።

ከድር ተምሮ ጨረሰ፤ ሰርተፍኬቱን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ግን የዞረበት ጋራዥ ሁሉ የራስህን ዕቃ ይዘህ ና አለው። በመጨረሻ የተቀበለው ጋሽ ይማም ነው። ልጅህ ጠዋት ያንተን መፍቻ ከሰው እጅ እየተቀበለ፣ ማታ ቆጥሮ እያስረከበ ሠራ። የሚደርሰው አብዛኛው የባጃጅ ጥገና ነበር፤ ክፍያውም ለኪሱ እንኳን አይበቃውም። በመንገዱ ላይ ድምፅ የሌላቸው የኤሌክትሪክ መኪኖች ማለፍ ጀምረዋል። ቆሞ ያያቸውና የተማርኩት ሳልሠራበት ሊያረጅብኝ ነው ይለኛል። ሰዉ ደግሞ የሰዒድ ሚስት የባሏን መፍቻ ሸጣ ወረቀት ገዛች ይላል። እሰማለሁ፣ ሽንኩርቴን እመዝናለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከድር ገና ቀትር ሳይሆን፣ ዙሁር ሳይሰገድ ቤት መጣ። ጋሽ ይማም አባሮታል። አንድ ባለ ጭነት መኪና ቸኩያለሁ ብሎ ሲያጣድፋቸው ጋሽ ይማም ቶሎ ግባና ፍታው አለው፤ ከድር በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር አልገባም አለ። አባቴ የሞተው እንዲህ ነው ብሎ ሰው ፊት ተናገረ። ጋሽ ይማምም ደንበኛዬን አስቀየምክብኝ ብሎ ዳግመኛ እንዳትመጣ አለው። ይህን ሲነግረኝ ያጠፋ መስሎት አንገቱን ደፍቶ ነበር። የተሸጠው ሳጥን፣ ያለቀው ገንዘብ፣ የሰዉ አፍ፣ ሁሉም በአንዴ ፊቴ ድቅን አለ። እጁን አስታጥቤ ምሳ አቀረብኩለት። ጠግቤያለሁ እስኪለኝ እየጨመርኩለት አጠገቡ ተቀምጬ አየሁት። ከዚያ ጓዳ ገብቼ እስኪበቃኝ አለቀስኩ።

ነገ ሥራ ፍለጋ ጀውሃ ይሄዳል፣ ባዶ እጁን። የሚቀበለው ይኑር አይኑር እንጃ። አንተን ግን አልረሳህም፤ በሕይወት እስካለሁ ከድር ጠዋት በወጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆሜ ስምህን እየጠራሁ ዱዓ አደርጋለሁ። ልጅህ ሥራ የለውም፣ ሰዒዴ። ማታ ግን ቤቱ ይገባል።

ያንተዋ ዘሀራ