ሰማይ የምታየው ጫጩት

ሰኞ

ጠዋት የዶሮ ቤቱን ስከፍት አንዷ ጫጩት አንገቷን ወደ ኋላ ቆልምማ ሰማይ ታያለች። ጭልፊት ያየች መስሎኝ እኔም ቀና አልኩ። ምንም የለም። አንገቷን ሳቀናላት ተመልሶ ይጣመማል፤ ልትራመድ ስትል ወደ ኋላዋ እየተንገዳገደች ትወድቃለች።

ጫጩቶቹ ዘጠኝ ናቸው። እናትየውን ያስታቀፈቻት ባለቤቴ ዘሀራ ናት። ሲፈለፈሉ ግን ዘሀራን ከቀበርናት አምስት ቀን ሆኖ ነበር። የአርባ ቀን ሰደቃዋ ካለፈ ወዲህ በሬን የሚያንኳኳ ሰው የለም። ዛሬም ያናገርኩት ጫጩቷን ብቻ ነው።

ማክሰኞ

የታመሙት አራት ሆኑ። ሦስቱ ያንጋጥጣሉ፤ አራተኛው ጣቶቹ ወደ ውስጥ ተጠቅልለው በቁርጭምጭሚቱ ነው የሚሄደው።

ከቀትር በኋላ ከሚያንጋጥጡት አንዷ ሞተች። ጓሮ ቆፍሬ ቀበርኳት። ዘሀራ ብታየኝ በሳቅ ትሞት ነበር።

ጎረቤቴ አስካለ በአጥሩ በኩል አየችኝ። "ወየው! ፈንግል ነው ጋሼ ሰይድ! ሳይዛመት ሁሉንም ይጨርሷቸው፤ የእኔም ዶሮዎች አሉ" አለች። እውነቷን ነው፤ ፈንግል ከገባ የሰፈሩን ዶሮ ይፈጃል። እስከ ነገ ታገሽኝ አልኳት። ቤት ስገባ ግን ተናደድኩባት። የዘሀራን ልብስ ለሰው ሰጥተናል። ከእጇ የቀሩኝ እነዚህ ብቻ ናቸው።

ረቡዕ

ሦስቱን በሽተኞች በካርቶን ይዤ እንስሳት ጤና ክሊኒክ ሄድኩ። ባለሙያዋ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት። ያስላሉ? አያስሉም። አረንጓዴ ያስቀምጣቸዋል? የለም። እናትየውስ? ከእኔ ትሻላለች።

"ምን ያበሏቸዋል?"

በኩራት ነው የመለስኩት። ሐይቁ ዳር ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን አንጀትና ጭንቅላት፣ በየቀኑ፣ ትኩስ ትኩሱን።

"ተቀቅሎ?"

"ጥሬውን።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጥሬ ዓሣ ቫይታሚን ቢ ዋንን ያጠፋል፣ ያ ሲያልቅባቸው ነርቫቸው ይታወካል፣ አንገታቸው የሚቆለመመው ለዚያ ነው አለች። ጣቱ የተጠቀለለው ቢ ቱ ሳያንሰው አይቀርም። ፈንግል አይደለም ብላ ግን አልማለችልኝም። "ለይተው ያስቀምጧቸው። ቫይታሚኑ ከሠራ በጥቂት ቀን ያዩታል።"

ሠላሳ ዓመት ሳይንስ አስተምሬያለሁ። ቫይታሚን ቢ ከየት እንደሚገኝ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌያለሁ! ምን እንደሚያጠፋው ግን አላውቅም ነበር።

ዘሀራ ትቀቅለው ነበር። ጓሮ፣ ሦስት ጉልቻ ላይ፣ በጥቁሯ ድስት። "ለዶሮ ወጥ መሥራት ጀመርሽ?" እያልኩ ሳሾፍባት "እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርገው" ትለኛለች። ለምን ስላት አታውቅም። እኔ ደግሞ ምክንያት የሌለው ሥራ አይጥመኝም። እሷ ስትሞት እንጨት ማባከን ነው ብዬ ድስቷን ደፍቼ ተውኳት።

የገደልኳት እኔ ነኝ ማለት ነው፤ ጫጩቷን።

ሐሙስ

ከዛሬ ጀምሮ ጥሬ ዓሣ ቀረ።

የቫይታሚኑን ዱቄት በውኃ በጥብጬ ለሁሉም ሰጠሁ።

መጠጣት ለማይችሉት፣ መርፌው በወጣለት ሲሪንጅ፣ በምንቃራቸው ጠርዝ፣ ጠብታ በጠብታ። መቸኮል የለም፤ ይታነቃሉ።

ፉርሽካ ከተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ጋር።

ጣቱ ለተጠቀለለው ከካርቶን ጫማ ቆርጬ በፕላስተር አሰርኩለት። እንደ አዲስ ሙሽራ እየተጎማለለ ሄደ። ብቻዬን ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቁ ራሱ ከበደኝ።

ዓርብ

ጁምዓ ሰግጄ ተመለስኩ። መስጊድ በር ላይ ሰው ሁሉ እጄን ጨብጦ "እንዴት ነህ ሰይድ" ይልና ይሄዳል። ስለ ጫጩቶቹ ላወራ አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ሚስት የሞተችበት ሽማግሌ ስለ ጫጩት ሲያወራ ማን ይሰማል?

ለውጥ የለም። አስካለ አጥሩ ጋ መጥታ "እስከ ነገ ያሉት ሦስት ቀን ሆነው እኮ" አለች። የዓሣውን ነገር ነገርኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም። ግን "አብሽሩ፣ እስከ እሑድ የእኔን ዘግቼ አቆያቸዋለሁ" አለችኝ።

ዘሀራ ናፍቃኛለች። ይኸው፣ ጻፍኩት።

ቅዳሜ

ሁለተኛዋ የምታንጋጥጠውም ሞተች። በሲሪንጁ ቸኩዬባት ይሆን? ያ አላህ። ሰባት ቀሩ።

የመጀመሪያዋ፣ የሰኞዋ፣ ግን ዛሬ አንዴ አንገቷን አቀናች። ለአፍታ ነው፤ ተመልሶ ተቆለመመ። አይኔ ይሁን እውነት አላውቅም።

እሑድ

እውነት ነው። ጠዋት ራሷን ዝቅ አድርጋ ፉርሽካውን ጠቅ አደረገች። ሁለቴ ሳተች፤ በሦስተኛው አገኘችው። አልሃምዱሊላህ። ባለ ጫማውም አንድ ጣቱ ተዘርግቷል። አዲስ የታመመ የለም። አንገቷ አሁንም ትንሽ ያዘነብላል፤ ትዳን አትዳን ገና አላውቅም።

አስካለ መጥታ አየች። "ፈንግል ቢሆን ይኼኔ አልቀው ነበር" ብላ የራሷን ዶሮዎች ልትለቅ ሄደች።

ሐይቁ ዳር ወርጄ የዓሣ አንጀት አመጣሁ። ጥቁሯን ድስት አጥቤ ጉልቻው ላይ ጣድኩ፤ እሳቱ አልያዝ ብሎ ጢሱ አስለቀሰኝ። ድስቱ ፈልቶ ያ የማውቀው ሽታ ጓሮውን ሲሞላው፣ ሳላስበው ወደ ጓዳው ዞሬ "ዘሀራ! ምክንያቱ ቢ ዋን ነው እኮ!" ብዬ ተጣራሁ።

ከአጥሩ ወዲያ አስካለ "ምን አሉኝ ጋሼ ሰይድ?" አለች።

ወደ አጥሩ ሄጄ ነገርኳት። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ስለ ዘሀራም ጭምር።