ለእናቴ ክፍል ስለተመረጠው ሰማያዊ

ለተከበሩ የአረጋውያን መኖሪያ ሥራ አስኪያጅ፣

በቅድሚያ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ? ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎም ሰላማዊ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የፀሐይ ብርሃን በማይጎበኘው የጥግ ክፍል ትኖር የነበረችው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነኝ። ሠራተኞችዎ «የቀለሟ እማማ» ይሏት ስለነበር እናቴን ሳያስታውሷት አይቀሩም። ለተደረገላት ሁሉ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

1ኛ. ክፍሎቹ ሊቀቡ ሲሉ ከአልጋዋ ፊት ለፊት ሞቅ ያለ ክሬምና ቀዝቀዝ ያለ ሰማያዊ አስሞክረው፣ ምርጫዋን በአክብሮት ስለጠየቋት እናመሰግናለን። እሷም «ክሬሙ ይሁንልኝ ልጄ፤ ሰው ያለበት ቤት ይመስላል። ሰማያዊው ውሃ ውስጥ የተኛሁ ነው የሚያስመስለኝ» አለችዎ። እርስዎም ራስዎን በእሺታ ነቀነቁ። ብዙም ሳይቆይ ክፍሉ ሰማያዊ ተቀባ።

2ኛ. አቤት ልል ቢሮዎ ስመጣ፣ ሰማያዊ መንፈስን እንደሚያረጋጋ በትዕግሥት አስረዱኝ። የቢሮዎ ግድግዳ ክሬም ስለነበር እኔም ሞቆኝ፣ ልቤ ለስልሶ፣ የመጣሁበትን ልረሳ ምንም አልቀረኝም። እናቴም እውነትም ተረጋጋች፦ መጀመሪያ ከጎረቤቶቿ ጋር መጫወት ተወች፤ ቀጥሎ ለግድግዳው ጀርባዋን ሰጥታ፣ በሩን እያየች መዋል ጀመረች።

3ኛ. ያም ሆኖ እጅ አልሰጠችም። ከድሮ ሥራዋ የተረፈ ቢጫና ቡናማ ቁርጥራጭ ጨርቅ አስመጥታኝ፣ ዓይኗ እየደከመ፣ መርፌው ጣቷን እየወጋት፣ ግድግዳውን የሚሸፍን መጋረጃ ሰፋች። በሰቀልነው ዕለት «አሁን ገና ቤቴ ገባሁ» ብላ ሳቀች። እርስዎ ግን የክፍሎቹ ወጥነት እንዳይጓደል ተጨንቀው በማግስቱ አስወረዱት። ያወረደችውን የጽዳት ሠራተኛ ያለ አንዳች አሽሙር አመሰግናታለሁ፤ እንባዋን እየጠረገች አጣጥፋ እናቴ ላይ ደረበችላት።

እናቴ ያንኑ ጨርቅ እንደለበሰች፣ ፊቷን ወደ በሩ እንዳዞረች አረፈች። ቀለም ሰው አይገድልም፤ ዕድሜዋም ደርሶ ነበር፤ ይህን አላጣሁትም። ነገር ግን ዕድሜዋን ሙሉ ለሰው ስታለብስ የኖረች ሴት፣ አንድ ባልዲ ቀለም ስትለምን፣ ብርድ ብርድ እንዳላት ሄደች።

መልካም የሥራ ዘመን እየተመኘሁ፣
በመረጋጋትዎ ዘወትር የምትደነቀው፣
የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ ክፍሉ አዲስ ነዋሪ ሊገባበት ነው አሉ። እባክዎ፣ ምን ቀለም እንደሚወዱ እንዳይጠይቋቸው፤ ጠይቆ አለመስማት ከሰማያዊው ግድግዳ ይልቅ ይበርዳል።