ሁልጊዜ የሚበርዳት መኪና

ግንቦት 2 ቀን 1990፣ እሁድ

ከአምልኮ ስንመለስ ቤንዚን ልንቀዳ ቆምን። መኪናችን በዚያው አልነሳም አለች። ክር... ክር... ከዚያ ጥቁር ጭስ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ከኋላችን በማታቱ፣ በዚህ አገር ሚኒባስ፣ ነበሩና ግልብጥ ብለው ወረዱ። ኮፈኖው ላይ እጅ ጫኑ። ቤንዚን ቀጂው አፉን ከፍቶ ያያል። እህት ዘመናይ ጸሎት ከጀመረች መቼ ታቆማለች? አርባ ደቂቃ! "አሜን" ተብሎ ባሌ ዓለምሰገድ ቁልፉን ሲያዞር... ተነሳች! ዓለምሰገድ እንደ ልጅ ዘለለ። የሚመጣው እሁድ ሊመሰክር ነው።

ግንቦት 5፣ ረቡዕ

ሽንኩርት ገዝቼ ስመለስ መኪናዋ እምቢ። ብቻዬን ጸለይኩ፣ ሦስት ደቂቃ። ዝም። አጭር ሆኖባት ይሆን? ቁጭ ብዬ ሙዝ እየበላሁ ከሻጯ ጋር ወሬ ያዝኩ። ሰዓት ሙሉ። ከዚያ ሳልጸልይ ተነሳች።

ሙዝም ይፈውሳል እንዴ?

ግንቦት 9፣ እሁድ

ዓለምሰገድ መሰከረ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እኔ ሙዙ ትዝ ብሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

የጨነቀኝ አርብ ነው። ፍቅርተን፣ የሟች እህቴን ልጅ፣ ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ እናደርሳለን። ካናዳ ለመሄድ ሦስት ዓመት ጠበቀች። የጉዞ ወረቀቷን የሚሰጧት የዚያኑ ዕለት ነው፣ መሃል ከተማ ቢሮ በር ላይ ቆመን። መኪናዋ እዚያ እምቢ ብትልስ? አውሮፕላን ዘመናይ እስክትጨርስ አይጠብቅ!

"ታክሲ እንያዝ" ብለው...

"የተፈወሰች መኪና እያለን? ሰው ምን ይላል፣ የሺ!"

ግንቦት 10፣ ሰኞ

ዓለምሰገድ ሥራ ሲሄድ ኑሬን ጠራሁት። ፎቅ ላይ ያለው ጎረቤታችን፣ ሬዲዮ ጠጋኙ። ቴስተሩን፣ የኤሌክትሪክ መለኪያውን፣ ይዞ መጣ። ከሞተሩ ላይ ጣት የምታህል ነገር ፈታ። ሴንሰር ናት አለኝ። ውሃው ሞቀ ወይስ ቀዘቀዘ ብላ ለመኪናዋ ኮምፒውተር የምትናገር።

"ድስት አለሽ፣ እትዬ የሺ?"

የወተት ድስቴን ሰጠሁት። አፍንጫዋን ውሃው ውስጥ ነከርን። ቀዝቃዛ እያለ የቴስተሩ ቁጥር ሁለት ሺህ አምስት መቶ። ሲሞቅ መውረድ አለበት። ውሃው ፈላ፣ ተንፈቀፈቀ... ሁለት ሺህ አምስት መቶ።

"ይቺ ሁልጊዜ በረደኝ ነው የምትለው" አለ ኑሬ። ልክ እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ባልቴት እንደ አያልነሽ! በጠራራ ፀሐይ ሹራብ በሹራብ ላይ። ኮምፒውተሩ ደግሞ አምኗት ቤንዚን ይጨምርላታል፤ የሞቀው ሞተር በቤንዚን ይሰምጣል። ቆይቶ ሲበርድ ይነሳል።

ቆይቶ... አርባ ደቂቃ!

ዓለምሰገድ ለካ በር ላይ ቆሟል። "ምን እየቀቀልሽ ነው?"

"ምስክርነትህን።"

እራቱን ሳይበላ ተኛ።

ግንቦት 12፣ ረቡዕ

ሌላ ሴንሰር ተገኘች። ዓለምሰገድ ራሱ ድስቱን ጣደ። ሁለት ሺህ አራት መቶ... አንድ ሺህ... አምስት መቶ... ሁለት መቶ!

"ሃሌሉያ!" አመለጠው። ኑሬ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ገጠሟት።

ግንቦት 14፣ አርብ

ቢሮው በር ላይ አቆምን። ፍቅርተ ፖስታዋን ይዛ እየሮጠች ወጣች። ሊሸኙ የመጡት ሁሉ ኮፈኖው ላይ እጃቸውን ጭነዋል፤ ዘመናይ ዓይኗን ጨፍናለች። ቁልፉን አዞርኩ።

ወዲያው ተነሳች።

"ኧረ ገና መች ጀመርን!" አለች ዘመናይ። ቅር አላት።

ደረስን። ፍቅርተዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች... ከዚያ ሄደች።

ግንቦት 16፣ እሁድ

ዓለምሰገድ እንደገና ለመመስከር ቆመ። አሮጌዋን ሴንሰር ከኪሱ አወጣ። "ወገኖቼ፣ መኪናዬ የተነሳችው ቆማ ስለበረደች ነው፤ ጎረቤታችን ኑሬ አሳየን። የማላውቀውን መስክሬአለሁ፤ ይቅር በሉኝ።" ዘመናይ ከፊት፦ "ታዲያ ኑሬን ማን ፎቅ ላይ አስቀመጠላችሁ?" ሰው ሁሉ ሳቀ!

ስንወጣ ሦስት ባለ መኪናዎች "የእኛንም ቀቅዪልን" ብለው ከበቡኝ። የወተት ድስቴ ለወተት ላይመለስ ነው።

ማታ ፍቅርተ ደወለች።

"አክስቴ፣ በግንቦት በረዶ! ሁለት ሹራብ ደርቤአለሁ..."

ይቺኛዋን አመንኳት።