ስድስቱ የልብ ሕሙማን

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 6 ቀን 2013፣ ወልድያ

ስድስቱም መጡ። በዚያ ዝናብ! ቡርቱካን ከሲሪንቃ በሚኒባስ፣ ነጠላዋ ውኃ እየጠጣ። በዚህ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒስት ሆኜ ከምሠራው ሁሉ የምወደው ይሄን ነው። ማክሰኞና ሐሙስ አንድ አንድ ሰዓት። ልባቸውን የታመሙ ሰዎች ቀስ ብለው ይራመዳሉ፣ ትርታቸውን መቁጠር ይማራሉ፣ ስለ ጨው፣ ስለ መድኃኒት እናወራለን። ቡርቱካን ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ የልቧ ቫልቭ ጠቧል። መጋቢት ላይ ከግቢው በር እስከ ክፍሉ ሦስቴ ትቀመጥ ነበር። ዛሬ አንዴም አልተቀመጠችም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ካሳሁን በበሩ አጮልቆ አየንና ሳቀ። "የልብ በሽተኛ ይተኛል እንጂ ስፖርት ይሠራል እንዴ? የእግር ኳስ ቡድን ልታቋቁሚ ነው?"

ስንት ጊዜ አስረዳሁት! ሪፖርት ጻፍኩ፣ ቁጥር አመጣሁ... ገልጦም አላየው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 22

ክፍሉን ወሰደብኝ። ከቆቦው ውጊያ ለሚመጡት ቁስለኞች ቢሆን ትንፍሽ አልልም ነበር። እነሱማ ኮሪደር ላይ ተኝተዋል። ክፍሉ ውስጥ የገባው የአቶ ካሳሁን አዲስ የስብሰባ ጠረጴዛ ነው። "ከበላይ እንግዳ ይመጣል" ይለኛል።

ከስድስቱ አንዱን፣ ጋሽ ገብረእዝጊን ደግሞ ጥበቃው ከበር መለሳቸው። ሠላሳ ዓመት እዚህ እህል የነገዱ ሰው። ዐምና ልባቸው ሊቆም ደርሶ ለትንሽ የተረፉ። ትግሬ ስለሆኑ! ሮጬ ካሳሁን ቢሮ ገባሁ።

"ጊዜው አይመችም። ነገሩ ሲበርድ ይምጡ።"

"እስከዚያ ልባቸው ይጠብቃቸዋል?"

ወረቀቱን ማገላበጥ ቀጠለ።

ዓርብ፣ ሐምሌ 23

ከሥራ ወጥቼ ጋሽ ገብረእዝጊ ቤት ሄድኩ። ግቢያቸውን አብረን ዞርን።

"ልጄ፣ እዚህ ስትገቢ አይተው እንዳይጠምዱሽ።"

"ይጥመዱኝ። አንቱ ትርታዎን ይቁጠሩ።"

ዘጠና ሁለት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 4

ውጊያው ሲቀርብ ካሳሁን ወደ ደሴ ሸሸ። በአንዷ አምቡላንሳችን! ፍራሽና ሻንጣ ጭኖባት። ቁስለኞቹ ኮሪደር ላይ እንደተኙ ናቸው። እኔስ? እናቴ ከአልጋ አትነሣም። የት እሄዳለሁ?

እሑድ፣ መስከረም 16 ቀን 2014

ከተማው በትግራይ ተዋጊዎች ከተያዘ ሁለተኛ ወሩን እያጋመሰ ነው። መብራት የለም፣ ስልክ የለም። ሆስፒታሉ ውስጥ የቀረ መድኃኒት የለም። የቡርቱካን ላሲክስ፣ ያ እብጠቷን የሚቀንስላት ኪኒን፣ ማለቁን ሳነሣላቸው፣ ጋሽ ገብረእዝጊ ከራሳቸው አሥር ፍሬ ቆርሰው ሰጡኝ። "ለዚያች ልጅ አድርሺላት።"

ትናንት ሲሪንቃ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። መድኃኒቱን ከነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ። ሦስት ቦታ ፈተሹኝ። ቡርቱካን እግሯ አብጧል፤ ጋደም ካለች ትንፋሽ ያጥራታል። ስታየኝ ልትነሣ ሞከረች። "እህቴ ፀዳለ፣ ስትመጪ ልራመድልሽ ብዬ ነበር..."

ምን ልበላት?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 11

ቡርቱካን ሞተች። እናቷ ሰው ላኩብኝ። አሥር ፍሬ ለስንት ቀን ይሆናል?

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 20

ከተማው ነፃ ወጥቷል። ካሳሁንም ተመለሰ፣ ወፈር ብሎ። በሠራተኞች ስብሰባ ላይ "አብረን ያሳለፍነው መከራ" አለ። አብረን?

ማክሰኞ፣ ጥር 3

ቢሮው ጠራኝ። ተነሥቶ ጨበጠኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ። ግራ ገባኝ። ለካስ አንድ የእርዳታ ድርጅት የልብ ሕሙማን ማገገሚያን እደግፋለሁ ብሏል።

"ይሄ ፕሮግራምሽ ትልቅ ነገር እኮ ነው። እኔ ድሮም እደግፈው ነበር።"

ምን?

ክፍሉ ይመለስልሻል፣ የመለማመጃ ብስክሌት ይመጣልሻል፣ ብቻ እዚህ ላይ ፈርሚ። አነበብኩት። "አገልግሎቱ በጦርነቱ ወቅት ሳይቋረጥ ቀጥሏል" ይላል። ከሥሩ የታካሚዎች ስም። የመጀመሪያዋ ቡርቱካን፤ ከጎኗ "እየተሻላት ነው"። ጋሽ ገብረእዝጊ ግን የሉበትም።

"ቡርቱካን ሞታለች።"

"እ... ነፍስ ይማር። ቁጥሩ እንዳይጎድል ብለን ነው።"

"ጋሽ ገብረእዝጊስ?"

"ፀዳለ፣ ነገር አታብዢ። አሁን የሳቸውን ስም ይዤ ማን ፊት እቀርባለሁ?"

የሞተችውን አኑሮ በሕይወት ያሉትን ሰረዛቸው! "አልፈርምም" አልኩት። ጩኸቴ ኮሪደር ድረስ ተሰምቷል አሉ። ይሰማ!

ግን... ክፍሉ ለቀሩት ያስፈልጋቸው ነበር። ብስክሌቱም። ልክ ሠራሁ? ወይስ ንዴቴን ብቻ ተወጣሁ?

ማክሰኞ፣ ጥር 17

ካርድ ክፍል ከተመደብኩ ሳምንት ሆነኝ። ካርድ ስፈልግ እውላለሁ። ካሳሁን ባጠገቤ ሲያልፍ አንገቱን ያዞራል። ያዙር። እኔ እንደሆንኩ ንዴቴ አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግም።

ቅዳሜ ጋሽ ገብረእዝጊ "መጋዘኔ አለልሽ" አሉኝ። ጦርነቱ ላይ ተዘርፎ አንድ ጆንያ አልቀረበትም፤ ወለሉ ሰፊ ነው። እሺ አልኩና ለቀሩት ሕሙማን ቤት ለቤት ዞሬ ነገርኳቸው። ማንንም ፈቃድ አልጠየቅሁም። ያስጨነቀኝ ወይዘሮ አለሚቱ ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ ስድስት አንዷ። ልጃቸው በዚህ ጦርነት ሞቶባቸዋል። "የሳቸው ግቢ ነው?" ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። ይመጣሉ ብዬ አላሰብኩም።

ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱ ቀድመው ደረሱ። ከጋሽ ገብረእዝጊ ጋር አራት። ልንጀምር ስንል ወይዘሮ አለሚቱ በሩ ላይ ቆመዋል። ጥቁር እንደለበሱ። ጋሽ ገብረእዝጊ ደንግጠው ወንበር አቀረቡላቸው።

"ልቀመጥ አልመጣሁም" አሉ ወይዘሮ አለሚቱ። "ልራመድ ነው።"

ጋሽ ገብረእዝጊም ወንበሩን ወደ ግድግዳው መለሱትና ከጎናቸው ገቡ።