ራሴ የጣልኳት ወፍ

ታዴ ዓለሜ፣

«እንደምን ሰነበትክ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ ለምዶበት። ከተለየኸን ስምንት ወር ሞላ። ቅጠል ሲረግፍ ሄደህ አሁን ሁሉ ለምልሟል። ከመስኮታችን ፊት ያለው፣ አንተ ሞቷል ይቁረጡት ብለህ የፈረድክበት ዛፍ እንኳ ከጎረቤቶቹ ቀድሞ አበበ። ብታየው ታፍር ነበር። ልጃችን ሜላት ፈተናዋን አልፋለች። አሁንም በአማርኛ ስጠይቃት በጀርመንኛ ትመልስልኛለች። በአማርኛ የምትመልሰው ላንተ ብቻ ነበር፤ እሱንም ይዘህብኝ ሄድክ።

ደኅና ነን ለማለት ያህል ደኅና ነን። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ባለፈው ቅዳሜ ስለሆነው ነገር ነው። ለጉባኤው ሰዎች ብነግራቸው እጃቸውን ጭነው ይጸልዩልኛል፤ ለሐኪሙ ብነግረው የእንቅልፍ ኪኒን ያዝልኛል። ነገሩን ከእኔ ቀድመህ የምታውቀው አንተ ስለሆንክ ላንተው ልንገርህ።

ያቺን የመጨረሻ እሑድ መቼም አልረሳሃትም። ጉትሎይትፊርቴል ሰፈር ከተከራየነው አዳራሽ አምልኮ ጨርሰን ቦከንሃይም ቤታችን ገባን፣ ምሳ በላን፤ ፍራው ሚዶሪም እንደ ልማዳቸው የእንጨት ሳጥናቸውን ታቅፈው ከላይኛው ፎቅ ወረዱ። እኒህን ጃፓናዊት አሮጊት ወደ ቤታችን ያመጣሃቸው አንተ ነህ። አሳንሰሩ በተበላሸ ሰሞን ዕቃቸውን ተሸክመህ አወጣህላቸው፤ እሳቸውም ውለታህን ማህጆንግ የሚሉትን፣ ሥዕልና ምልክት በተቀረጸባቸው ጠፍጣፋ ጠጠሮች የሚጫወቱትን ጨዋታ በማስተማር መለሱ። ሳጥኑ ከነጠጠሮቹ የሟች ባለቤታቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከሰዓት አራታችን ጠረጴዛ ከበን ካልተቀመጥን እሑድ አይመስለንም ነበር።

ጨዋታው ብዙ ሕግ አለው፤ እኔን ያሠቃየኝ ግን አንዱ ነው። ከመሃል ተደፍቶ ከተደረደረው የጠጠር ግንብ በየተራችን አንዳንድ ጠጠር እናነሳለን፤ የማንፈልገውን ፊታችን በሰልፍ እንጥላለን። የጣልነውን ሁሉም ያየዋል። ከእያንዳንዱ ዓይነት አራት አራት ጠጠር አለ። እጅህ ሞልቶ አንዲት ጠጠር ብቻ ስትጎድልህ፣ ያቺን ጠጠር ሌላው ሰው ከጣላት ወስደህ ጨዋታውን ትዘጋለህ። ነገር ግን ያቺኑ ዓይነት ጠጠር ቀደም ብለህ ራስህ ጥለሃት ከሆነ ከሰው እጅ መውሰድ አይፈቀድልህም። አንድ በር ብቻ ይቀርልሃል፤ ከግንቡ ላይ በገዛ እጅህ ማውጣት። ፍራው ሚዶሪ ፉሪተን ይሉታል። አንተ ግን «የምራቅ ሕግ» አልከው፤ የተፉትን መልሶ መላስ የለም እያልክ።

እኔ ቸኩዬ የምጥል ነኝ፤ አንተ አስልተህ። ማን ምን እንደጣለ ዓይንህ አይስትም ነበር። ሲጨንቅህ እኔ የጣልኩትን ዓይነት መርጠህ ትጥላለህ፤ ብፈልገውም ልወስደው አልችልማ፣ ላንተ ከዚያ የተሻለ መሸሸጊያ የለም። በልጅህ ላይ ጨክነህ አታውቅም፤ በእኔ ላይ ግን አንድም ቀን አልራራህም።

ያን ዕለትም እንዲሁ ሆነ። ወፍ የተሳለባትን ጠጠር ገና ከመጀመሪያው ጣልኳት። በኋላ እጄ ሲሞላ የጎደለችኝ ያቺው ወፍ ሆና ቁጭ አለች። ፊቴን ልደብቅ ሞከርኩ። አንተ ግን ፊቴን አየህ፣ የጣልኩትን አየህ፣ በሣቅ ፍርስ አልክ። በዚያው መሃል ስልክህ ጮኸ። ፌኸንሃይም ካለው መጋዘን ነበር፤ የሌሊት ተረኛው ታሞ አንተን ፈለጉህ። ተራው ያንተ ነበር። ጠጠሮችህን በፊታቸው ደፋህ፣ እኛም ደፋን። ሜላትን ፎቶ አንሺው፣ እናትሽ አትታመንም አልካት። ጫማህን እያሰርክ፣ ማንም እንዳይነካው፣ ስመለስ ተራዬ ነው ብለህ ወጣህ። በማግሥቱ ጠዋት ሥራ ጨርሰህ ትራም ከምትጠብቅበት አግዳሚ ላይ ተቀመጥክ፤ ትራሙ ሲመጣ አልተነሳህም።

ለቅሶ ለመቀበል ሳሎኑ መለቀቅ ነበረበት። የጉባኤያችን እህቶች ደርሰው ሶፋውን ገፉ፣ ምንጣፉን ጠቀለሉ፣ ጠረጴዛው ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙ። እህት አስቴር ያንን በተርታ የተደረደረ ጠጠርና የማይነበብ ምልክት ስታይ ትዝ ያላት አገር ቤት የምታውቀው ጠጠር ጣይ ነው። እንደ አንተ ያለ አማኝ ቤት ውስጥ ጥንቆላ! በኢየሱስ ስም ገሠጸችው። ልትሰበስበው ግን አልደፈረችም፤ ማንም አልደፈረም። ነጭ አንሶላ ጣሉበትና ለአራት ሆነው የጠረጴዛውን አራት ማዕዘን ይዘው፣ አንዲት ጠጠር ሳትነቃነቅ፣ ቀስ እያሉ ወደ ትንሿ ክፍል ወሰዱት። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ አየሁ። የሬሳ ሣጥንህን ከማየቴ በፊት ሲሸከሙህ ያየሁ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲህ ያንን በር አልከፈትኩም፤ አቧራ ለመጥረግ እንኳ አልገባሁም። አትንኩ ብለህ ነው የሄድከው። በብርዱ ወራት አንዳንድ ቀን ከክፍሉ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ጠጠር ጠጠርን ሲነካ የሚሰማውን ድምፅ ታውቀዋለህ። ሃይዙንጉ ነው አልኩ፤ የማሞቂያው ብረት ሲሞቅ ይንጣጣል። ሜላትም ሰምታ ሃይዙንጉ ነው አለች። ባለፈው ሳምንት ግን፣ ሃይዙንጉ ጠፍቶ፣ በጠራራ ፀሐይ ሸሚዝ ስተኩስ ደግሜ ሰማሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሜላት ከወጥ ቤት ብቅ ብላ አየችኝ። ሁለታችንም ሃይዙንጉን አላነሳነውም።

አሁን ፍራው ሚዶሪ ሊሄዱ ነው። ደረጃው አቅቷቸዋል፤ ዱሰልዶርፍ ያለችው ልጃቸው ትወስዳቸዋለች። መጥተው አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ የባለቤታቸውን ጠጠሮች ትተው መሄድ እንደማይሆንላቸው ነገሩኝ። እኔ ደግሞ፣ ታዴ፣ እጅህ ከደረደረው ነገር በዚህ ዓለም የቀረኝ ያ ጠረጴዛ ብቻ ነው። ልብስህን ሰጥቻለሁ። ትራስህ ሽታህን ጨርሷል። ጠጠሮቹ ሳጥናቸው ውስጥ እስኪገቡ ድረስ አንተ ጨዋታ አቋርጦ ሥራ የሄደ ሰው ነህ፤ ከገቡ በኋላ ግን የሞተ ሰው ነህ። ይህ በጀርመንኛ እንዴት እንደሚነገር አላውቅምና የትንሿን ክፍል በር ብቻ አሳየኋቸው። እሳቸው ገባቸው። ያላለቀ ጨዋታ አይበተንም፣ ይጨርሱታል እንጂ አሉኝ። ለቅዳሜ ከሰዓት ተቀጣጠርን።

ቅዳሜ ሦስታችን ገባን። ተዘግቶ የከረመ ቤት ሽታ ተቀበለን። የየራሳችንን ቦታ ያዝን፤ ሜላት ያንተን ወንበር ከሳሎን አምጥታ በቦታው አቆመችው። አንሶላውን የገለጥኩት እኔ ነኝ። ሁሉም እንደተውነው ነበር፣ ካንተ ሰልፍ በቀር። በሰልፍህ ጫፍ ላይ ወፏ ተቀምጣለች።

ያን ዕለት ወፍ ጥለህ ቢሆን ኖሮ ቤቱ በጩኸቴ ይፈርስ ነበር። ሜላት ስልኳን አወጣች። በፎቶው ላይ ያንተ ሰልፍ በአንዲት ጠጠር ያጥራል፤ ግንቡ ደግሞ በአንዲት ይረዝማል። ፍራው ሚዶሪ የተደፋውን እጅህን ሳይገልጡ በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩት፤ አልጎደለም፣ አልበዛም። አንድ ሰው ተራውን ጠብቆ፣ ከግንቡ አንስቶ፣ አንዲት ጥሏል። ሜላት ፎቶውን አጉልታ ደግማ አየች። «ዳስ ካን ኒሽት ዛይን» አለች፣ ሊሆን አይችልም። ቀጥላም፣ እህቶች ሲሸከሙት አናግተውት ነው አለች። ይህንን ግን ወደ ወንበርህ እያየች በአማርኛ ነበር ያለችው።

ታዴ፣ እህት አስቴር ሕጉን አታውቅም። ከዚያ ሁሉ ጠጠር መካከል የምሞትላትን፣ ግን ራሴ ስለጣልኳት ልወስዳት የማልችለውን ወፍ መርጦ ፊቴ የሚያስቀምጥ ሰው አንድ ብቻ ነው። ፈራሁህ። እውነቱን ልንገርህ፣ ተናደድኩብህም። ስምንት ወር ሙሉ በሕልሜ እንኳ ሳትመጣ ቆይተህ፣ ስትመጣ እኔን ለማገድ! ሕጉ ገደል ይግባ ብዬ እጄን ወደ ወፏ ሰደድኩ። ፍራው ሚዶሪ ክንዴን ያዙኝ፤ አያያዛቸው የአሮጊት አልነበረም። ከእሱ እጅ አይሆንም አሉኝ፣ ራስሽ አውጪ። ከዚያ ሦስታችንም ወንበርህን ላለማየት አቀረቀርን።

ካንተ ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው። ሳላነሳ ብቀር ጨዋታው አያልቅም፤ አንተም አትሄድም። እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ፤ ማንም አላቻኮለኝም። በኋላ ከግንቡ አነሳሁ። ሳላገላብጥ በአውራ ጣቴ ዳሰስኳት፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ አንብቢ እያልክ አንተው ነህ ያስተማርከኝ። የክንፏን ጭረት አገኘሁ፣ ከዚያ የጅራቷን። ሌላ ወፍ ነበረች። ለካስ አላገድከኝም። ከእኔ እጅ አትጠብቂ፣ በራስሽ አውጪው ማለትህ ኖሯል።

መልሼ ልጥላት እችል ነበር። ተራው ዞሮ ካንተ ይደርሳል፣ በሩን ዘግተን እንወጣለን፣ አንድ ቀን ደግሞ ያንን ድምፅ እሰማለሁ። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ፈልጌው ነበር። ቀና ስል ግን ልጃችን ትንፋሿን ውጣ ወንበርህን እያየች ነው፤ ዕድሜዋን ሁሉ እንዲያ ልትኖር ነው ብዬ ፈራሁ። እጄን ገልጬ ዘረጋሁት። ጨዋታውን ዘጋሁት፣ ታዴ።

በሕጉ የተሸናፊ እጅ አይገለጥም። ሜላት ልትገልጠው ፈለገች፣ እኔ እንቢ አልኩ። ፍራው ሚዶሪ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ እያነሱ፣ ያንተን እንደተደፉ፣ ሳጥኑ ውስጥ አስገቧቸው። የትኛዋን ጠጠር ትጠብቅ እንደነበር አላወቅንም። ወንበርህን ሜላት ራሷ ወደ ሳሎን መለሰችው። ፍራው ሚዶሪ ሲወጡ በሩ ላይ ዞረው ወደ ባዶው ክፍል ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። እኔ ቀድሜያቸው ወጥቼ ከኋላቸው ነበርኩ፤ እጅ የነሱት ለእኔ አልነበረም።

ብቻዬን ስቀር ጠረጴዛውን ልጠርግ ጨርቅ አርጥቤ ገባሁ። አንሶላው አሳልፎ ስስ አቧራ ተኝቶበታል። ጠጠሮቹ የነበሩበት ግን ንጹሕ ነው፤ የእያንዳንዳቸው ቦታ በልኩ ይታያል፣ የእኔም፣ የሜላትም፣ የፍራው ሚዶሪም፣ ያንተም። ያንተን ሰልፍ በጣቴ እየተከተልኩ እስከ ጫፉ ሄድኩ። የወፏ ቦታ የለም። እሷ ከተቀመጠችበት ሥር አቧራው እንዳለ ነው። እህቶች ጠረጴዛውን ሲሸከሙ ገና አቧራ አልነበረም፤ ወፏ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው።

ጨርቁን ይዤ ወጣሁ። ለሜላት አልነገርኳትም፤ አቧራ የሚታየው ላየው ብቻ ነው። አስታውስሃለሁ ማለት ለእኔ ቃል አይደለም፣ ሥራ ነው፤ ከእንግዲህ ምንም ነገር ከመጣሌ በፊት አንተን አስብሃለሁ። በሩን ክፍት ትቼዋለሁ፣ አንሶላውንም አጥቤ አጥፌዋለሁ። ከእጅህ መውሰድ አልተፈቀደልኝም፤ ያቺን ቦታ ግን እስካለሁ ድረስ አልጠርጋትም።

ያንተው አልማዝ